ጠበቃና እንደራሴ

ባለፈው ክረምት፣ በአንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ አንድ ወጣት ሊያነጋግረኝ ፈልጎ ቆየ። በሕፃንነቱ በቁምስናችን ትምህርተ ክርስቶስ የተማረ፣ በኋላም የሕግ ትምህርቱን ፈጽሞ በጥብቅና ሥራ ሁለት ዓመት ያሳለፈ ልጅ ነው። የሰፈሩ ሽማግሌዎች «አንደበትህ የቀና ነው፣ ሕጉንም ታውቃለህ፤ ለክልሉ ምክር ቤት ተወዳደርልን» ብለው ለምነውታል። እኔም ስለ ምርጫው ምክር ሊጠይቀኝ የመጣ መስሎኝ ነበር። እርሱ ግን ሌላ ነገር አነሣ። «አባ፣ ፍርድ ቤት ቆሜ የማላምንበትን የምናገርበት ቀን አለ። አፌን ለባለጉዳዩ አውሼዋለሁ እንጂ ቃሉ የእኔ አይደለም እያልሁ አልፈዋለሁ። ምክር ቤት ብገባ ይህንኑ አፍ ይዤ አይደለምን የምገባው?» አለኝ።

ያን ዕለት የሰጠሁት መልስ አጭርና ቀላል ነበር፤ ማምሻውን ሳስበው ለራሴም አልበቃኝም። ጥያቄው የዚያ ወጣት ብቻ አይደለምና ከአንባብያን ጋር እንደገና ልመለስበት ወደድሁ።

ቋንቋችን ሁለቱን ሥራዎች በሁለት ስሞች ለይቶአቸዋል። ጠበቃ የሚለው ስም «ጠበቀ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው፤ ጠበቃ የሰውን መብት፣ የሰውን ንብረት፣ አንዳንድ ጊዜም የሰውን ሕይወት ለመጠበቅ ይቆማል። እንደራሴ የሚለው ስም ግን ራሱ አንድ ዐሳብ ይናገራል፤ «እንደ ራሴ» ማለት ነው። ንጉሥ ራሱ ወደማይደርስበት አገር እንደራሴውን ሲልክ፣ የተላከው ሰው የተናገረው ንጉሡ እንደ ተናገረው ይቆጠር ነበር። ዛሬም ሕዝብ የሚመርጠውን ሰው በዚሁ ስም እንጠራዋለን። እንግዲህ ጠበቃ ከባለጉዳዩ ጎን ይቆማል፤ እንደራሴ ግን በባለጉዳዩ ቦታ ይቆማል። ደግሞም በችሎት ፊት ጠበቃ ቢሳሳት ወይም ቢያጋንን፣ የሚመልስለት ሌላ ጠበቃ አለ፤ ከሁለቱም በላይ ዳኛ አለ። አባቶቻችን «በላ ልበልሃ» እየተባባሉ ሲሟገቱ ሁለት ተሟጋቾችና አንድ ዳኛ ነበሩ። እንደራሴ በምክር ቤት እጁን ሲያወጣ ግን ያ እጅ ክርክር ብቻ ሳይሆን ፍርድም ነው። በአዳራሹ ያልተወከለ ሰው ካለም ስለ እርሱ የሚከራከር ሁለተኛ ጠበቃ የለም።

በዘርአ ክህነት ትምህርት ቤት ሳለን ቅዱስ ቶማስ ዘአኲኖ ስለ ጠበቆች የጻፈውን ተምረን ነበር። በታላቁ የነገረ መለኮት ድርሳኑ በሁለተኛው ክፍል ሁለተኛ እጅ፣ በ71ኛው ጥያቄ ሥር ይገኛል። ግፍ መሆኑን እያወቀ የግፍ ነገር የሚይዝ ጠበቃ ከባድ በደል ይፈጽማል፤ ከዚያም በላይ በክርክሩ ያለ አግባብ ለተጐዳው ወገን ጉዳቱን የመካስ ግዴታ አለበት። እውነት መስሎት ጀምሮ በመካከል ግፍ መሆኑን የተረዳ ጠበቃ ደግሞ የባለጉዳዩን ምስጢር ለተቃራኒው ወገን አሳልፎ ሊሰጥ አይገባውም፤ ነገር ግን ነገሩን መተው፣ አለዚያም ባለጉዳዩ እንዲለቅ ወይም እንዲታረቅ መምከር ይኖርበታል። (ጠበቃ ስለ ድካሙ ዋጋ ቢቀበል ነውር እንዳልሆነም እዚያው ተጽፎአል፤ አንዳንድ የሕግ ሰዎች ይህችን ክፍል ብቻ ሲያስታውሱ አይቻለሁ።) ይህም በወንጀል ለተከሰሰ ሰው ጠበቃ አይቁምለት ማለት አይደለም። በደለኛም ቢሆን በሕግ አግባብ የመዳኘት መብት አለው፤ ያን መብት መጠበቅ ግፍ አይባልም። የተከለከለው አውቆ ለግፍ መሟገት ነው። እንግዲህ በቅዱስ ቶማስ አስተሳሰብ አፉን አውሶ ኅሊናውን በቤቱ የሚያስቀምጥ ሰው የለም።

እንዲህ ያለውን ሥራ ትቶ የወጣውን ሰው ታሪክ በየጊዜው እንናገራለን። ቅዱስ አልፎንሶስ ሊጎሪ በ1713 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ገና በ16 ዓመቱ በሕግ የዶክተርነት ማዕርግ አግኝቶ በኔፕልስ ጠበቃ ሆነ፤ በ1723 በአንድ ትልቅ ክርክር ከተረታ በኋላ ፍርድ ቤቱን ተሰናብቶ ወደ ክህነት ሄደ። መልካም ነው። ነገር ግን ሁሉም ትቶ ቢወጣ በችሎቱና በምክር ቤቱ የሚቀረው ማን ነው? ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤም በ1965 ስለ ቤተ ክርስቲያንና ስለ ዘመናችን ዓለም ባወጣው ሰነድ፣ በ75ኛው ቁጥር፣ ለሰዎች ጥቅም ሲሉ የሕዝብን ሥራ የሚሸከሙትን ያመሰግናል እንጂ ሽሹ አይልም። ስለዚህ ትቶ ከወጣው ይልቅ በዚያው የቀረውን፣ ቀርቶም ያለ እንከን ያልኖረውን ሰው መመልከት ለዚያ ወጣት ይበልጥ ይጠቅመዋል ብዬ አሰብሁ። ስለ አብርሃም ሊንከን ማለቴ ነው።

ሊንከንን ሁላችን የምናውቀው በፕሬዚዳንትነቱ፣ በአሜሪካ ባርነት እንዲወገድ ባደረገው ሥራ ነው። ከዚያ አስቀድሞ ከ1834 እስከ 1842 ድረስ በኢሊኖይ ክፍለ ግዛት ምክር ቤት ያገለገለባቸው ስምንት ዓመታት ግን እምብዛም አይነገሩም። በእነዚያ ዓመታት የምናየው ሐውልት የቆመለት ሰው ሳይሆን መንገዱን የሚፈልግ ወጣት ነው።

በ1809 በኬንተኪ ከድኻ ቤተሰብ ተወለደ፤ በትምህርት ቤት የቆየበት ጊዜ ሁሉ ቢደመር አንድ ዓመት አይሞላም። በ1831 ኒው ሴለም በምትባል የኢሊኖይ መንደር ሰፈረ፤ በማግሥቱ ዓመት ለምክር ቤቱ ተወዳደረ፤ ከ13 ተወዳዳሪዎች 8ኛ ወጥቶ ተሸነፈ። በገዛ መንደሩ ግን ከ300 ድምፅ 277ቱን አግኝቶ ነበር፤ የሚያውቁት ሰዎች ያምኑት ነበር ማለት ነው። ከባልንጀራው ጋር የያዘው ሱቅ ከሰረ፤ ዕዳውንም ከፍሎ እስኪጨርስ ብዙ ዓመታት ፈጀበት። የመንደሩ ፖስታ ቤት ኃላፊ ሆነ፤ መሬትም ቀየሰ። በ1834 በ25 ዓመቱ ሲመረጥ፣ ዋና ከተማ ወደ ነበረችው ወደ ቫንዳልያ የሚሄድበት የደንብ ልብስ እንኳ አልነበረውም፤ ከአንድ ጎረቤቱ 200 ዶላር ተበድሮ ከፊሉን ልብስ ገዛበት። ጆን ቶድ ስቱዋርት የተባለ ጠበቃና የምክር ቤት አባል ሕግ እንዲያጠና መከረው፤ መጻሕፍቱንም አዋሰው። የጥብቅና ፈቃድ ያገኘው በ1836 ነው። እንግዲህ የእንደራሴነቱና የጠበቃነቱ አንደበት አንድ ላይ አደጉ እንጂ አንዱ ሌላውን አልጠበቀም። ወጣቱ ወዳጄ ያነሣው ጥያቄ በዚህ ሰው ላይ እጅግ የሚስማማ ነው።

አሁን ወደ 1837 መጀመሪያ እንምጣ። ሊንከንና የሳንጋሞን ካውንቲ ባልደረቦቹ (ሁሉም ረጃጅሞች ስለ ነበሩ «ረጃጅሞቹ ዘጠኝ» ይሉአቸው ነበር) አንድ ትልቅ ጉዳይ ይዘው ነበር፤ የክፍለ ግዛቱ ዋና ከተማ ከቫንዳልያ ተነሥቶ ወደ ስፕሪንግፊልድ እንዲዛወር ይፈልጋሉ። ለዚህም ድምፅ መሰብሰብ ነበረባቸው። በዚያው ጉባኤ ለባቡር ሐዲድ፣ ለቦይና ለወንዝ ሥራ 10 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጪ የሚጠይቅ ሕግ ጸደቀ፤ ሊንከንም ደጋፊው ነበር። በኋላ የኢሊኖይ ገዥ የሆነው ቶማስ ፎርድ፣ የሳንጋሞን ሰዎች ለየካውንቲው ሐዲድ እየደገፉ በምትኩ ለስፕሪንግፊልድ ድምፅ ገዙ ሲል ከሶአቸዋል፤ ይህን ክስ የሚያስተባብሉ የታሪክ ጸሐፊዎችም አሉ። የማያከራክረው ግን በዚያው ዓመት የገንዘብ ቀውስ መምጣቱ፣ ሥራው መቆሙ፣ ክፍለ ግዛቱም ከጥቂት ዓመታት በኋላ የዕዳውን ወለድ መክፈል ማቃቱ ነው። የሱቁን ዕዳ እስከ መጨረሻው የከፈለው ሰው በሕዝብ ላይ የጫነውን ዕዳ ግን የከፈለው ሕዝቡ ነው።

በዚሁ ጉባኤ መካከል ነው ትልቁ ፈተና የመጣው። የደቡብ ክፍለ ግዛቶች፣ ባርነት ይወገድ የሚሉ ማኅበራትን የሰሜን ምክር ቤቶች እንዲያወግዙላቸው ጥያቄ ልከው ነበር። የኢሊኖይ ምክር ቤትም ማኅበራቱን የሚነቅፍና የባሪያ አሳዳሪዎችን የንብረት መብት የሚያጸና ውሳኔ አቀረበ። ጃንዋሪ 20 ቀን 1837 ድምፅ ሲሰጥ 77 ደገፉ፣ 6 ብቻ ተቃወሙ። ከስድስቱ አንዱ የ27 ዓመቱ ሊንከን ነበር። ሆኖም ምክንያቱን በጽሑፍ ያስመዘገበው ወዲያው አይደለም። ስፕሪንግፊልድ ዋና ከተማ እንድትሆን ፌብሩዋሪ 28 ተወሰነ፤ የሊንከን የተቃውሞ ጽሑፍ የተመዘገበው ማርች 3 ቀን ነው። በመካከሉ ስድስት ሳምንታት አልፈዋል። ብዙዎች እንደሚገምቱት፣ ለከተማው የሚፈልገውን ድምፅ እንዳያጣ ነው የቆየው። ጽሑፉንም ከእርሱ ጋር የፈረመው አንድ ሰው ብቻ፣ ዳን ስቶን፣ ነበር፤ እርሱም ከምክር ቤቱ ወጥቶ ወደ ዳኝነት ወንበር የሚሄድ ሰው ስለ ነበር ከመራጭ የሚፈራው አልነበረውም። ሊንከን ግን በማግሥቱ ዓመት ተመልሶ በመራጮች ፊት ይቆማል።

ጽሑፉ ምን ይላል? ባርነት በግፍና በመጥፎ መርሕ ላይ የተመሠረተ ነው ይላል። ወዲያው ግን ባርነት ይወገድ የሚለው ስብከት ጉዳቱን ያብሳል እንጂ አይቀንስም ይላል። የአገሪቱ ኮንግረስ በየክፍለ ግዛቱ ባለው ባርነት ላይ ሥልጣን የለውም፤ በዋና ከተማው በዋሽንግተን አውራጃ ሥልጣን ቢኖረውም ሕዝቡ ካልጠየቀ ባይጠቀምበት ይሻላል ይላል። የጠበቃ ብዕር የጻፈው መሆኑ ያስታውቃል፤ እያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር በር ከፍቶ በር ይዘጋል። በተማሪ ቤት ሳነበው ይህ ጥንቃቄ አስቈጥቶኝ ነበር። አሁን በዚህ ዕድሜዬ ስመለስበት ሌላ ነገር አየሁ። በዚያ አዳራሽ ለጥቁሮች እንደራሴ አልነበራቸውም፤ የኢሊኖይ ሕገ መንግሥት የመምረጥን መብት ለነጮች ወንዶች ብቻ ሰጥቶ ነበር። ሊንከን ራሱም በ1836 በጋዜጣ ባሳተመው የምርጫ ቃሉ ግብር ለሚከፍሉ ወይም ለውትድርና ለሚቆሙ ነጮች ሁሉ የመምረጥ መብት ይሰጥ ብሎ፣ ሴቶችንም ሳይጨምር እንዳላስቀረ ሲያስታውቅ፣ ስለ ጥቁሮች ግን ምንም አላለም። እንዲህ ባለ አዳራሽ ውስጥ «ግፍ ነው» የሚለው አንድ ቃል በምክር ቤቱ መዝገብ መግባቱ ብቻውን የሚናቅ አይደለም። ያም ቃል ማንም ያላዋሰው የራሱ ቃል ነበር፤ ከ23 ዓመታት በኋላ በ1860 ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደር በጻፈው አጭር የሕይወት ታሪኩ ይህንኑ ጽሑፍ ጠቅሶ አቋሙ ያው መሆኑን ገልጦአል።

ስለ ስድስቱ ሳምንታት ግን ምን እንበል? ብልህነት ነውን ወይስ ፍርሃት? ስለ ጥበብ ምግባር የምናስተምር ሰዎች ዝምታ ሁሉ ፍርሃት አለመሆኑን እንናገራለን፤ እውነት ነው። ዝምታው በማን ዋጋ እንደ ተገዛ ግን መጠየቅ አለብን። ሊንከን ድምፁን በሚሰጥበት ቀን አልደበቀም፤ ከ77ቱ ጋር እጁን አላወጣም። የዘገየው ምክንያቱን መናገር ነው። ድምፁን ለከተማው ብሎ ቢሸጥ ኖሮ ፍርዴ ሌላ በሆነ ነበር። ምክንያቱን ለስድስት ሳምንታት ማቆየቱን ግን፣ ባላመሰግነውም፣ ይቅር የምለው ነገር ነው።

ይቅር ለማለት የሚከብደኝ ሌላ ነው። በ1842 የክፍለ ግዛቱ ሒሳብ ሹም ጄምስ ሺልድስ፣ የአየርላንድ ተወላጅና ካቶሊክ፣ ግብር በከሰረው ባንክ የወረቀት ገንዘብ እንዳይከፈል አስታወቀ። ሊንከን ሺልድስን የሚያላግጥ ደብዳቤ ርብቃ በምትባል የባላገር ሴት ስም ጽፎ በጋዜጣ አወጣ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባል የለ! ሺልድስ ጸሐፊውን ደረሰበትና በሰይፍ ሊጋጠሙ ሴፕቴምበር 22 ቀን ወንዝ ተሻግረው ሄዱ፤ በወዳጆቻቸው ሽምግልና ታረቁ። ሊንከን እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ይህ ነገር ሲነሣበት ያፍር ነበር። ሊያፍርም ይገባው ነበር፤ ስሙን ደብቆ የሰደበው ሰው ያስታወቀው ነገር ራሱ ሊንከን ካጸደቀው የዕዳ ዘመን የተወለደ ነበርና።

ዋናው ግን የ1847 ክርክር ነው። ሮበርት ማትሰን የተባለ የኬንተኪ ሰው በኢሊኖይ፣ በኮልስ ካውንቲ፣ እርሻ ነበረው። ባሪያዎቹን በየዓመቱ ለእርሻው ሥራ እያመጣ መልሶ ወደ ኬንተኪ ይወስዳቸው ነበር፤ ኢሊኖይ የባሪያ አገር ስላልሆነች እንዳይቀመጡ መጠንቀቁ ነው። ጄን ብራያንት የተባለችው ሴት ግን ከልጆቿ ጋር ከአንድ ወቅት አልፋ እዚያው ቆየች። ባልዋ ነጻ ሰው ነበር። የማትሰን ቤት ጠባቂ ሴት እርሷንና ልጆቿን ወደ ደቡብ እንደምታስልካቸው በዛተች ጊዜ ባልዋ ሐኪም ሂራም ሩዘርፎርድንና ጌዲዮን አሽሞርን ርዳታ ጠየቀ፤ እነርሱም ደበቁአቸው። ማትሰን በሕግ ጠየቀ፤ ሴቲቱና አራት ልጆቿ በቻርልስተን ከተማ እስር ቤት ተቀመጡ። በኦክቶበር ነገሩ ለዳኞች ሲቀርብ ከማትሰን ጎን ከቆሙት ጠበቆች አንዱ አብርሃም ሊንከን ነበር። ለአገሪቱ ኮንግረስ ከተመረጠ ከዓመት በላይ ሆኖት፣ መቀመጫውን ሊይዝ ጥቂት ሳምንታት ብቻ ቀርተውት ነበር።

ይህን ያደረገው ሰው ሕጉን የማያውቅ አልነበረም። ከስድስት ዓመት በፊት፣ በ1841፣ በኢሊኖይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ናንስ የተባለች ወጣት ጥቁር ሴት እንደ ዕቃ የተሸጠችበትን ውል ተቃውሞ ተከራክሮ ረትቶ ነበር፤ ፍርድ ቤቱም በኢሊኖይ ማንም ሰው ተቃራኒው እስካልተረጋገጠ ድረስ ነጻ ሆኖ እንደሚገመት፣ ነጻን ሰው መሸጥም እንደማይቻል ወሰነ። አሁን በቻርልስተን ደግሞ ጄን ብራያንት የመጣችው ለወቅት ሥራ ብቻ ስለሆነ በኢሊኖይ ነዋሪ አልሆነችም እያለ ተከራከረ። ዳኞቹ አልተቀበሉትም፤ እናቲቱና ልጆቿ ነጻ ተለቀቁ።

ሩዘርፎርድ ከብዙ ዓመታት በኋላ እንደ ተናገረው፣ እርሱ ራሱ አስቀድሞ ሊንከንን ጠበቃ እንዲሆነው ጠይቆት ነበር፤ ሊንከንም ማትሰን ቀድሞ እንደያዘው በኀዘን ነገረው። ጥቂት ቆይቶ ግን ከማትሰን ሥራ ሊለቀቅ እንደሚችል፣ ለሐኪሙ ሊቆምለትም ፈቃደኛ መሆኑን ላከበት። ሐኪሙ ተቀይሞ ስለ ነበር እምቢ አለ፤ ሌላ ጠበቃ ያዘ። ሊንከንም ከማትሰን ጋር ቀረ።

የሊንከን ወዳጆች ለዚህ ነገር ሁለት መከላከያ ያቀርባሉ፤ አንዱ፣ ጠበቃ የመጣለትን ሁሉ መያዝ የዘመኑ ልማድ ነበር ይላሉ፤ ሁለተኛው፣ ክርክሩ ደካማ ስለ ነበር ልቡ አልነበረበትም ይላሉ። የመጀመሪያውን እረዳለሁ። ሁለተኛው ግን ይብስበታል። ልቡ ከሌለበት ለምን ቆመ? ሌላ ጠበቃና ዳኛ መኖራቸው ጄን ብራያንትን አዳናት እንጂ እርሱን ንጹሕ አላደረገውም። በ1850 ገደማ ለወጣት ጠበቆች በጻፈው ማስታወሻ፣ ጠበቃ ሆኖ እውነተኛ መሆን የማይችል ሰው ጥብቅናውን ትቶ እውነተኛ ይሁን ብሎ መክሮአል። ያን ሲጽፍ የቻርልስተንን ችሎት አስቦ እንደሆነ ማንም አያውቅም፤ እኔ ግን ሳነበው እርሱን አስባለሁ።

በመስከረም ወጣቱ ተመልሶ መጣ፤ ይህን ሁሉ አወራሁለት። በዝምታ ሰማኝ። እንደ ሊንከን ድምፁን ሳይሸጥ ምክንያቱን ማቆየት ቢያስፈልገው ኅሊናውን እንዳይጨነቅ፣ ግፍነቱን እያወቀ የሚይዘው ጉዳይ ካለ ግን ለምክር ቤቱ ስሙን ከማስመዝገቡ በፊት ዛሬውኑ እንዲለቅ ነገርሁት። አንድ እንዲህ ያለ የመሬት ክርክር በእጁ እንዳለ አልደበቀኝም፤ የሚያስለቅቁአት ሴት ጠበቃ የሌላት መበለት ናት። ለባለጉዳዩ እንዲታረቅ እንደሚነግረው፣ እምቢ ካለው መዝገቡን እንደሚመልስለት ቃል ገባልኝ።

ሊሄድ ከተነሣ በኋላ በር ላይ ቆም ብሎ፣ «አባ፣ ሐኪሙ እርስዎ ቢሆኑ ኖሮ ሊንከን ሲላክብዎ ይቀበሉት ነበር?» አለኝ። እናቲቱና ልጆቿ እስር ቤት ናቸውና ቅያሜዬን ውጬ እቀበለው ነበር አልሁት። «እኔ ግን አልቀበለውም» አለ፤ «ከማትሰን ጋር የቆመ ሰው ነገ እንደገና ላለመዞሩ ምን ዋስትና አለኝ?» በዚህ ሳንስማማ ተለያየን።